«ወርዷል በይልኝ»

— ሄሎ... አቤት ወንድሜ... ቀስ በል እንጂ፣ አንድ ቃል አልገባኝም... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ምን? ደም?... ማን ናት የደማችው?

ነርሷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ ጓንቷን አወለቀች። የሚጮኸው ታናሽ ወንድሟ አናጢው ነው። ቤተሰቡ «አባ ጥድፊያ» ነው የሚለው፤ ሙጫ እስኪደርቅ እንኳ መታገሥ የማይችል ሰው ነውና።

— እሺ፣ ሚስትህ። ገባኝ። ብዙ ነው?... ልብሷን ነክቶ ነው ወይስ ይፈሳል?... ነክቶ ብቻ። ሆዷን ያማታል?... አያማትም። መቆም ትችላለች?... ታዲያ ለምን ተሸከምካት! አውርዳት! አንተ ሰውዬ፣ ጥለሃት ደግሞ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣ... አልጋ ላይ አድርጋት። ቀስ።

— እህቴ፣ ይቅርታ፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ትጠብቂኛለሽ?... የቤት ጉዳይ ነው... አዎ፣ ካርድሽ እዚሁ ይሁን። አመሰግናለሁ።

— አለሁ... አይ፣ አምቡላንስ አትጥራ... ወንድሜ፣ አታልቅስ... አውቃለሁ። ያኔም በደም ነው የጀመረው። እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ።

ያኔ የተወለደችው ልጅ አንዴ አልቅሳ ዝም አለች። እናቲቱም ልትከተላት ምንም አልቀራት። ከአልጋ ስትነሣ ብቻዋን ወደዚህ የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል መጣች፤ «እትዬ፣ ሌላ መቅበር አልችልም፤ ለጊዜው የእርግዝና መከላከያ መርፌውን ስጪኝ» አለች። ባሏ እንዳይሰማ አደራ አለቻት፤ እሱ በየቀኑ «ይተካል» እያለ ነው የሚያጽናናት። ነርሷ መረመረቻት፣ ራስ ሊያምሽ ይችላል፣ ክብደት ትጨምሪ ይሆናል፣ የወር አበባሽ ሊዛባ ወይ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል ብላ አስረዳቻት፣ ወጋቻት። የታካሚ ምስጢር ደግሞ ለእናት ልጅም አይነገርም።

ሁሉም እንደተባለው መጣ። ያልታሰበው የባልየው ሒሳብ ነበር። የወር አበባዋ መጥፋቱን፣ ጉንጯ መሙላቱን አየና «አርግዘሻል!» ብሎ ሳቀ። ልጁን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። እሷም ሳቁን አይታ አፏ ተሳሰረ። ነርሷ ንገሪው ብትላት ነገ፣ ነገ እያለች ሰነበተች፤ እሱ ግን ለነገ የሚያሳድረው ነገር የለምና ለእናቱ ደወለ። እናትየው ዛሬ የሕፃን ልብስ በሻንጣ ሞልታ አውቶቡስ ላይ ናት።

— ስማኝ። እስካሁን ከነገርከኝ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር አልሰማሁም... ስለ ልጁ?... እ... መጀመሪያ እሷን ላናግራት። ስጣትና ውጣ... ውጣ አልኩህ፣ የሴት ጉዳይ ነው። ሂድና ውሃ አፍላ... ምን ይሠራል? ዝም ብለህ አፍላ! በሩንም ዝጋው።

— ሙሽሪት... እኔ ነኝ። ወጣ?... እሺ፣ ልጠይቅሽ። ነጠብጣብ ነው አይደል?... ያዞርሻል?... ራስ ምታቱስ?... እንደ ድሮው ነው ወይስ ባሰ? ዓይንሽ ላይ ይጨልምብሻል?... አይ። ጥሩ። እንግዲያው መርፌው ነው የኔ እናት። ነግሬሽ የለ? አንዳንዴ ድራሹ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ሳይጠሩት ብቅ ይላል... አይጎዳሽም። የቀረው ደምም ሆድሽ ውስጥ አይጠራቀም፣ እሱ የሰፈር ወሬ ነው... ለማንኛውም ነገ ነይና እንደገና ልመርምርሽ...

— ምን?... ምን በይው አልሽኝ?

— ... «ወርዷል በይልኝ»?

ነርሷ የተዘጋውን በር አየች። አንድ ቃል ብቻ ነው። ከእሷ አፍ ከወጣ የሚጠራጠር የለም። ወንድሟ ያለቅሳል፣ እናቷም ታለቅሳለች፣ ልብሱ ከነሻንጣው ይመለሳል፣ የሙሽሪትም ምስጢር ምስጢር ሆኖ ይቀራል። ለአንድ አፍታ ነገሩ ቀላል መስሎ ታያት፤ ቀላል መስሎ ስለታያትም አፈረች።

— አልችልም... አይ፣ ተቆጥቼሽ አይደለም... አዎ፣ ያምነኛል። ስለሚያምነኝ ነው የማልችለው... ስሚኝ። አንዷን ልጁን በገዛ እጁ ሳጥን ሠርቶ ቀብሯል። አሁን ደግሞ ያልነበረ ልጅ ላስቀብረው? ነገ ቁጭ ብሎ «ምን በድዬ ነው ሁለቱም የሞቱብኝ» ሲል አንቺ አጠገቡ ተኝተሽ ትሰሚዋለሽ?...

— አልቅሺ፣ አልቅሺ... እጠብቅሻለሁ።

— ... ምስጢርሽንማ አልነካም። ንገሪው እንጂ ልንገረው አላልኩም። አፌን አልከፍትም፤ ግን አልዋሽም... ሲስቅ አይተሽ ነው፣ አውቃለሁ። እኔስ ደውሎ ሲያበስረኝ «እንኳን ደስ ያለህ» አላልኩም? ምን ልበል ታዲያ... ሊቆጣ ይችላል። አይቆጣም ብዬ አልሸነግልሽም... እሺ። ስልኩን አትዝጊው። እኔ እዚሁ ነኝ። ጥሪው።

በስልኩ ውስጥ የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት ተሰማት። ቀጥሎ የሙሽሪት ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቃሉ የማይለይ። ድምፁ ሁለቴ ተቋረጠ፤ ሁለቴ ቀጠለ።

— ማነው?... አይ ቆይ፣ አትግቢ... አላለቀስኩም... እሺ፣ አልቅሻለሁ፣ በሩን ዝጊልኝ የኔ እህት።

— ሄሎ... ሄሎ?... ወንድሜ፣ አለህ?

— ... አዎ። እኔ ነኝ የወጋኋት።

— ... አዎ፣ አውቅ ነበር... በለኝ። የፈለግከውን በለኝ... እሱም እውነት ነው... እህትህ ነኝ፣ አዎ። እዚህ ወንበር ላይ ግን ነርስ ነኝ። የአንተ ምስጢር ቢሆን ኖሮ ለእሷ እነግራት ነበር?... 

— አይ፣ አንተን ጠልታ አይደለም። ልጅም ጠልታ አይደለም። ያቺኛዋ ገና ከውስጧ አልወጣችም። «ይተካል» ስትላት ልታጽናናት ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ሁላችንም ብለናታል፤ እናታችንም ብላለች። እሷ ግን የምታለቅስበት ቦታ አጣች... ሄሎ?... ሄሎ፣ ተቋረጠ እንዴ?

አልተቋረጠም፤ ትንፋሹ ይሰማል። አባ ጥድፊያ ዝም አለ። ነርሷ አብራው ስታድግ እንዲህ ዝም ሲል ሰምታው አታውቅም። ስድቡን ጠበቀች። ቢሰድባት ደስ ይላት ነበር።

— ምን አልክ?... ራስ ምታቷ?... ምን ላድርግላት ነው ያልከኝ?

ነርሷ ወንበሩን ስባ ቁጭ አለች።

— እ... አዎ። መርፌው ያመጣዋል። አንድ ነገር አብላትና የራስ ምታት ክኒን ትውሰድ። ውሃ ትጠጣ፣ ትተኛ... ለነጠብጣቡ አትደንግጥ። ከበዛ፣ ወይ ራሷን ወጥሮ ይዞ ዓይኗን ካጨለመባት፣ ያኔ ተሸክመህም ቢሆን አምጣት... ስለ ውፍረቷ? እንዳትተነፍስ! ጭራሽ... ሆድ የሚብሳትም ቢሆን መርፌው ይሆናል፣ ሐዘኑም ይሆናል፤ ሁለቱን እኔም መለየት አልችልም... አዎ፣ ካልተስማማት ሌላ ዓይነት አለ። ቀጠሮዋ ሲደርስ አብራችሁ ኑ... ትወልዳለች ወንድሜ፣ አያመክናትም። ካቆመች በኋላ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል እንጂ... መቼ? እሱን እኔን አትጠይቀኝ። እሷንም ዛሬ አትጠይቃት።

— እናታችንን ተወው፣ እኔ እነግራታለሁ። መናኸሪያ ሄጄ እቀበላትና... እንዴ?... አንተ?... ሻንጣውን ይዛ ከወረደች በኋላ ምን ትላታለህ?

— ... «ልጃችንን አልቅሰን ገና አልጨረስንም»...

ነርሷ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና መልሳ አስጠጋችው።

— እሺ። እንደሱ በላት።

— ... እሺ ወንድሜ። ዝጋው በል... አንተ ዝጋው፣ እኔ አልችልም። ሂድ እሷ ጋ።