ደህና አደርክ ብቻ

ከፈረስ መጋላ ወደ ሐኪም ጋራ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ወጣት በስልኳ ጨዋታ ትጫወታለች። አጠገቧ የቅመም ዘንቢል የታቀፉ እናት ተቀምጠው ስልኳን ያያሉ።

«ማነው እሱ፣ ክራባት ያሰረው?»

«አለቃዬ ነው፣ እማማ። የጨዋታው ማለቴ ነው። ቢሮ ተቀጥሬ ከሠራተኞቹ አንዱን አፈቅራለሁ።»

«ከምሳ በኋላም ቢሮ ናቸው?»

«አዎ፣ ሁሉም።»

«እንግዲያ ሐረር አይደለም። እዚህ በዚያ ሰዓት ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው።»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«አሁን ምን እያልሽው ነው?»

«ሲያናግረኝ ሦስት መልስ ተጽፎ ይመጣልኛል፤ አንዱን እመርጣለሁ። ከተሳሳትኩ ወደ ኋላ መልሼ ሌላውን እሞክራለሁ።»

«አስተግፊሩላህ። ከአፍ የወጣ ነገር ደግሞ ይመለሳል? ሽማግሌስ መቼ ነው የሚልከው?»

«አይልክም። ወደድኩሽ ሲለኝ ጨዋታው ያልቃል።»

«እዚያ ላይማ ይጀመራል እንጂ ምን ያልቃል። ኒካህ የለው፣ አማት የለው፣ ወላሂ የሰነፍ ፍቅር ነው። የእውነት መሥሪያ ቤት የለሽም?»

«አለኝ።»

«እዚያስ የምትወጂው ሰው የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«እስካሁን ደህና አደርክ ብቻ ነው የምለው።»

«እሱስ?»

«ደህና አደርሽ ይለኛል።»

«ይቺንም ጽፈው ሰጥተዋችሁ ነው።»

ሐኪም ጋራ እስክንደርስ፣ መሥሪያ ቤት ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ለምትሠራው ልጅ ነገ ከደህና አደርሽ ቀጥዬ የምላትን ስፈልግ ቆየሁ፤ አንድም አልመጣልኝም።