ዕድሜ ያላት ዶሮ

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ በዕድሜ የገፉ እናት የዶሮ መኖ ከረጢት እግሩ ሥር ካስቀመጠ ጎልማሳ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ዶሮ ታረባለህ መሰል። ለብርዳችን የትኛዋ ትሻላለች?»

«እንቁላል በብዛት ከፈለጉ የፈረንጇ ናት፣ እናቴ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ትጥላለች።»

«እስከ መቼ?»

«ሁለት ዓመት ያህል። ከዚያ ይደክማታል። ብርዱንም እምብዛም አትችለው።»

«እኔ የምትቆየኝን ነው የምፈልግ።»

«እንግዲያው የአገራችንን ቄብ ይያዙ። እንቁላሏ ያንሳል እንጂ ውርጭ ለምዳለች፤ ጭራ ትበላለች፤ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። አምስት ዓመትም ልትጥል ትችላለች።»

«አምስት ዓመት ይበቃኛል።»

«የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው?»

«ልጄ ጋ፣ አራተኛ ፎቅ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ምንም አላጎደለብኝ። ግን ጠዋት ስነሳ በር ከፍቼ የማወጣት ነፍስ የለችም።»

«አሁን ለጥየቃ ነው የመጡት?»

«ለእህቴ ተዝካር ብዬ ነው የወጣሁ። ቤቴ ከተዘጋ ሦስት ክረምት አለፈው። ገብሱ ሲያሸት እንኳ አላየሁም።»

«ታዲያ ዶሮዎቹን ማን ይጠብቅልዎታል?»

«እኔው ነኛ።»

«ልጅዎ ያውቃል?»

«ቄቦቹን ቆጥ ላይ ካሰፈርኩ በኋላ እደውልለታለሁ።»

እኔም አዲስ አበባ አብራኝ እንድትኖር እናቴን ላመጣት ነበር የምሄደው፤ እስክንደርስ ድረስ በመስኮቱ መንገዱን ሳይ ቆየሁ።