በቁሜ የተለቀሰልኝ ለታ

በእኛ ጊዜ እኮ ሰው የሰው ቤት ሲመጣ ደጅ ቆሞ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ፣ ግባ እስኪባል ይጠብቅ ነበር። የገዛ ልጅም ቢሆን። ዛሬማ ይኸው የወለድኩት፣ አጎታችሁ ጀማል፣ ሂርና ለቅሶ ልደርስ በሄድኩበት የቤቴን ቁልፍ ሰብሮ ገባ። ቁልፍ ሰብሮ! አትሳቁ፣ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

እውነት ነው፣ ቤቴ ሞልቶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ጭሮ ገበያ ጫት ስሸጥ ኖሬ፣ ጫት የታሰረበት ገመድ ወድቆ ካየሁ አላልፍም፣ ጆንያ አላልፍም፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን አላልፍም፤ ይሄ አንድ ቀን ይፈለጋል እላለሁ እና አንስቼ እገባለሁ። የልጆቼ አባት ከሞተ ወዲህማ ባሰብኝ። ታዲያ አልጋዬም ተቀብሮ በር ሥር ነበር የምተኛው፤ አንዴም ክምሩ ተንዶብኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት ጎትታ ያወጣችኝ። ይሄን አልክድም። ጀማል «እማ፣ ወይ ቤቱ ይጸዳል፣ ወይ ድሬዳዋ እኔ ጋ ትገቢያለሽ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የምሞተው እዚሁ ቤቴ ነው፣ የትም አልሄድም፣ ነገርኩት እኮ።

ታዲያ ያን ለታ ከሚኒባስ ወርጄ ስመጣ ደጄ ሰው በሰው ሆኗል። የአፎሻችን ልጆች፣ ያው የዕድራችን፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉት፣ እነሱ ናቸው፤ ዕቃዬን እያወጡ አይሱዙ ላይ ይጭናሉ። ጀማል ለምኗቸው ነው። ሰፈርተኛው የአፎሻ ልጆች ከአሮጊት ቤት ዕቃ ሲያወጡ አይቶ ምን ይበል? ቤቱን ለለቅሶ እያሰናዱ ነው፣ ሞታለች አለ። ዘይነባ መሬት ቁጭ ብላ «ወይኔ እህቴን፣ ሳልሰናበታት» እያለች ታለቅሳለች። ከኋላዋ ቆሜ «አንቺ ዘይነባ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኳት። ዞራ አየችኝና «አዑዙ ቢላሂ!» ብላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጠች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ጀማል» አልኩት፣ «በቁሜ ቀበርከኝ።» «ለአንቺው ብዬ ነው እማ» ይለኛል። አቦ ተወኝ፤ ለእኔ ከሆነ ለምን እስክሄድ ጠበቅክ? ዕቃዬን ወስደው ገደል ደፉት። እና እኔ ምን አደረግኩ? በነጋታው ጀመርኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ቤቱ ከበፊቱ ብሶ ሞላ፤ ማንም እንዳይገባ በሩንም ከውስጥ በጆንያ ደገፍኩት። ሰው «ጂን ነው» ይላል፣ «ስስት ነው» ይላል። አላህ አፋቸውን ይያዝልኝ።

በኋላ እናታችሁ፣ ልጄ ሶፊያ፣ ሆስፒታል ወሰደችኝ። እዚያ የአእምሮ ሕመም የምታክም ሲስተር አለች። ቤቴ ድረስ መጣች፣ እና ደጅ ቆማ «ልግባ እናቴ?» አለች። ልግባ አለች፣ ሰማችሁ? «ይሄ ሕመም ነው እንጂ ስስት አይደለም» አለችኝ፣ «እርስዎ ሳይፈቅዱ ማንም አንድ ነገር አይነካም። ግን ቦታ ቢኖር ምን ያደርጉበታል?»

«ለቅሶዬን ሰው ተቀምጦ ያልቅስበት» አልኳት፣ «የእውነቱን ለቅሶ።»

ታዲያ በየሳምንቱ አንድ ጥግ ብቻ። እያንዳንዱን በእጄ ታስይዘኛለች፣ «ይቆይ? ይሂድ?» ትለኛለች፤ የምፈርደው እኔ ነኝ። አንዳንዴም እየተሳደብኩ። ገበያም ወስዳ የወደቀ ገመድ አጠገብ ታቆመኛለች። «አይተው ይለፉት፣ ጭንቀቱ ቀስ ብሎ ይበርዳል።» መጀመሪያ አልበረደም። ኋላ ግን በረደ። አሁንም ይመጣብኛል፣ ብቻ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ።

ባለፈው ጀማል መጣ። ደጅ ቆሞ «አሰላሙ አለይኩም» አለ፣ ግባ እስክለው ጠበቀ። እኔ ባስለቀቅኩት ቦታ ተቀመጠ፣ በላ፣ ጠጣ። ሊሄድ ሲል መኪናው ላይ የጫነው ሽንኩርት ሊወድቅበት ነው መሰለኝ፣ «እማ፣ ማሰሪያ ገመድ አታጪም መቼም?» አይለኝ መሰላችሁ። እኔን!

«የለኝም» አልኩት፣ «ታክሜያለሁ።»

«እውነት አንድም የለሽም አያቴ?»

አለኝ እንጂ ልጆቼ፣ አልጋዬ ሥር። ሲስተሯም ታውቃለች፣ ይቆይ ብዬ ፈርጄበታለሁ። እሱ ግን ገበያ ሄዶ ይግዛ።