ማን ሠራልሽ?

«ከባዱን ወደ ታች፣ ወደ ሆዷ! አጉል አታጥብቂው፣ እርምጃዋን እንዳትይዢባት» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ልጅ ሳለሁ አህያ ስንጭን። ትምህርቴን አቋርጬ ከተዳርኩ ወዲህ እንዲህ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም።

ባለቤቴ ከሳውዲ ለልጃችን በሪሞት የምትነዳ፣ ድንጋይ የምትወጣ መኪና ላከላት። የምንኖርበት ወገዳ ደግሞ ድንጋይ ሞልቷል፤ መኪናዋ ግን ደጃችን ያለውን ገና ስትጀምረው በጀርባዋ ትወድቃለች። ልጄ፣ «አባዬ የላካት ሰካራም ናት» አለችኝ። ዝም ብዬ ሳያት ሞላዋ ግትር ነው፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ሌላው አየር ላይ ይቀራል። ባለቤቴ ትቶት በሄደው ካቻቢቴ ፈታሁና ለስለስ ባለ የእስክሪብቶ ሞላ ቀየርኩላት፤ ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችም ከሆዷ ሥር፣ ግራና ቀኝ አሰርኩ። ቀስ እያለች፣ ጎማዎቿ ጎርባጣውን እየተከተሉ ወጣች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ የምነግረው አዋቂ ግን ቤት ውስጥ የለም። ቪዲዮ ቀርጬ ለባለቤቴ ላኩለት። ወዲያው ደወለ። ደስ ብሎኝ አነሳሁ።

«ማን ሠራልሽ?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺ? ተይ እንጂ! ማነው እቤቴ የሚገባው?»

«ከልጅህና ከእኔ በቀር ማንም የለም» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ይሁን እሱ፣ እስካሁን አላውቅም።

ልጄን ጠራሁና ካቻቢቴውን አስያዝኳት። «ፍቺው» አልኳት፤ ሞላውንም አውጥታ ራሷ መልሳ እስክትገጥመው ድረስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።