በር ተዘግቶ የሚነጠር ወርቅ

ነፋሱ የሰው ጋቢ በሚያራግፍበት ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን ታክሲ መጠበቂያ አጠገብ፣ አቶ ዘሥላሴ መሐረባቸውን ሲያወጡ አንዲት ግራጫ እንክብል ከውስጡ ወደቀች። አጠገባቸው የቆመች ወጣት አነሳችላቸው። ክብደቷ አስገረማት።

«እርሳስ ናት እንዴ፣ አባባ?»

«ወርቅ ናት፤ ከአሸዋው የለቀምንበትን ባዜቃ፣ ሜርኩሪውን፣ ገና አላወለቀችም። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«ነጅዋ እባላለሁ፣ የአልዩ አምባ ልጅ ነኝ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው።»

«የነጋዴ አገር ልጅ። ልታራክሺብኝ ነዋ» ብለው ሳቁ።

ከወለጋ ሲፈናቀሉ የተረፈቻቸው ይህች ብቻ ነበረች። ሲዳስሷት ወርቅ ያጥቡበት የነበረው ወንዝ ይመለስላቸዋል፤ የማለዳው ጉም፣ ገበቴ ውስጥ የሚንሿሿው አሸዋ፣ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ የምታንጎራጉረው ሚስታቸው ውዴ። ውዴ እዚያው ወንዙ ማዶ ተቀብራ ቀርታለች።

«ምራቴ ሰባት ወሯ ነው» አሉ። «ዛሬ ቤት አነጥራትና ለልጁ የአንገት መስቀል አሠራለታለሁ።»

«በር ከፍተው?»

«ዘግቼ እንጂ። በኛ ወንዝ ወርቅ ሰው እያየው አይነጠርም፤ ዓይን ይበላዋል።»

«ባዜቃው ሲሞቅ የት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

«ይጠፋል።»

«አይጠፋም፣ አባባ። የማይታይ ጢስ ሆኖ ቤቱን ይሞላል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይስበዋል። እያደር ነርቭና ኩላሊት ይጎዳል። እጅዎ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚንቀጠቀጠው?»

«ይሄ የናንተ ብርድ ነው። ሐዘንም አለበት። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እጁ ባይንቀጠቀጥ ነው የሚገርመው።»

«ሐዘንዎን አልክድም። ግን ከመፈናቀልዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት» አሉ ቀስ ብለው።

«ሲያነጥሩ ወርቁን በማንኪያ እሳት ላይ የሚይዙት እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ በር እጠብቃለሁ። የምትይዘው ሚስቴ ውዴ ናት። እጇ የረጋ ነበር።»

«የማን እጅ ቀድሞ ተንቀጠቀጠ?»

አቶ ዘሥላሴ ይህን ጥያቄ ሲሸሹት ኖረዋል። መጀመሪያ ክሩ መርፌ አልገባ አላት። ቀጥሎ ዜማዋ መሃል ላይ ይጠፋት ጀመር። ያች ዝምተኛ ሴት በማይረባ ነገር መቆጣት ጀመረች። ጎረቤት ዓይን ነው ሲላቸው፣ በሩን ይበልጥ አጥብቀው ዘጉት።

«የውዴ። ኋላ ዜማዋንም ትረሳ ጀመር» አሉ።

«ዛሬስ ማን ሊይዝ ነው?»

«አስካለማርያም፣ ምራቴ...»

«ጢሱ እናቲቱ ላይ አይቆምም፤ ፅንሱም ጋ ይደርሳል።»

«ከአገሬ ከእሷ ሌላ የቀረኝ የለም እኮ፣ ልጄ።»

«ወንዙን ለልጁ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት፣ አባባ። እርስዎም እንደ ውዴ መርሳት ከጀመሩ ማን ይነግረዋል?»

«መስቀሉ ይቅር» ብለው እንክብሏን ራሳቸው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ ነጅዋ በአቅራቢያው ካለ መድኃኒት ቤት ያመጣችው ባለ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ ከተቷት። በጥንቃቄ እንድትወገድ ለጤና ባለሙያዎች አስረክባታለሁ አለች። የተጎዳው ሁሉ እንደማይመለስ አልደበቀቻቸውም፤ ጢሱ ከቀረ ግን ሰውነት ባዜቃውን ቀስ በቀስ ያስወጣል፣ መንቀጥቀጡም ሊቀንስ ይችላል። አቶ ዘሥላሴም ሰኞ ጤና ጣቢያ መጥተው ሊመረመሩ፣ በተፈናቃዮች መጠለያ ላሉት ወርቅ አጣቢዎችም ስለ ጢሱ ሊነግሩ ቃል ገቡ።

ቤት ሲደርሱ አስካለማርያም ከሰሉን አቀጣጥላ፣ ማንኪያውን ይዛ ትጠብቃቸው ነበር።

«በሩን ልዝጋው፣ አባቴ?»

ማንኪያውን ከእጇ ተቀብለው እንደ ጠርሙሱ ለነጅዋ ሊሰጡት በፌስታል ቋጠሩት። ከደጅ ድንጋይ አምጥተው በሩ እንዳይዘጋ አስደገፉት። ብርዱ ሰተት ብሎ ገባ።

«ይከፈት» አሉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻዋ ላይ እየጣሉ። «ተቀመጪ። የልጅሽ አያት ውሃ ውስጥ ቆማ የምትዘፍነውን፣ ሳልረሳው ልንገርሽ።»