የከሰዓቱ ጀሪካን

በኛ ጊዜ፣ እናንተ አላያችሁትም፣ እንስራ ሲገዛ ውሃ ተሞልቶ ደረቅ አመድ ላይ ይቀመጣል፤ አመዱ ከረጠበ ለሸክላ ሠሪዋ ይመለስላታል፣ እና አትቆጣም! «እሳቱ ሳይበቃው ነው ያወጣሁት» ብላ ሌላ ትሰጣለች። ዛሬ ግን የሚባረረው ጉድለቱን ያሳየው ሰው ነው፤ ስሙኝ እስቲ!

ይቺ አጥር የምንጋራት ጫልቱ እዚሁ አዳማ ጀሪካን ፋብሪካ ትሠራለች። ሥራዋ ጀሪካኑን በአየር ሞልታ ውሃ ውስጥ መድፈቅ ነው፤ አረፋ ካወጣ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ታዲያ አለቃዋ፣ ደምሴ የሚባለው፣ «ጠዋት ጠዋት አሥሩን ድፈቂ፣ የቀረውን አሳልፊ» ብሎ አዟታል። ጠዋት ብቻ!

እና አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአጥሩ ሳይ፣ መቼም ያየሁትን አላየሁም አልልም፣ በሥራ ሰዓት ደጅ ተቀምጣለች።

«አካም ቡልቴ ጫልቱ፣ ምነው ቤት ዋልሽ?»

«ተባረርኩ እትዬ። የመቂ ገበሬዎች ለፓምፕ ናፍታ የሚይዙበትን ጀሪካን ያፈሳል ብለው በመኪና መለሱት። ደምሴ ‹ጫልቱ ናት ያሳለፈችው› አለ። ሰኞ ደብዳቤሽን ውሰጂ ተብያለሁ።»

«ራሱ አይደል እንዴ አሳልፊ ያለሽ!»

«ማን ያምነኛል?»

ታዲያ ደብተር አወጣች። ለካ ይቺ ልጅ በየሰዓቱ ተደብቃ ጥቂት ጥቂት እየደፈቀች፣ አረፋ ባየች ቁጥር አንድ ጭረት ታደርጋለች፤ የትኛው ማሽን፣ ስንት ሰዓት ላይ። ፊደል በቅጡ ያልለየሁት እኔ እንኳ ገባኝ! ጠዋት ጠዋት ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ከምሳ በኋላ የሁለተኛው ማሽን ቦታ በጭረት ጠቁሯል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«እሱን ማሽን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ጣሪያ ላይ ካለው ጥቁር ታንከር ነው የሚመጣው። ፀሐይ ሲመታው ይፈላል፤ ጀሪካኑ ሳይጠና ይወጣና መጋጠሚያው ይከፈታል። ለደምሴ ብነግረው ‹አንቺ ደግሞ ኢንጂነር ሆንሽ? አርፈሽ ድፈቂ!› አለኝ።»

ደሜ ፈላ! ሰኞ ነጠላዬን አጣፍቼ አብሬያት ሄድኩ። ጥበቃው «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለ፤ «ባለቤቱን!» አልኩት፣ ገባን። ባለቤቱ ደብተሩን አገላበጠ፣ አገላበጠ። ከምሳ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ደፈቀ። የሁለተኛው ማሽን ጀሪካን ቡልቅ ቡልቅ ቡልቅ! ሄዶ ቧንቧውን ሲነካ እጁን መንጭቆ መለሰ።

ታዲያ ደምሴ ምን ቢል ጥሩ ነው? አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በዚያች በቀጠነች ድምፁ፣ «እኔም እኮ ጌታዬ ጠርጥሬ ነው ጭረት እንድትይዝ ያዘዝኳት።»

ያዘዝኳት! «ዋሾ!» አልኩት ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጅቷን ከእንጀራዋ ልታፈናቅል ነበር እኮ!»

ደብዳቤው እዚያው ተቀደደ። ታንከሩ ዳስ ተሠራለት፤ አሁን በየሰዓቱ ይደፈቃል፣ ጭረቱም ማሽኑ ላይ ይለጠፋል፤ የመለሰ ገበሬም የለ። እና ደምሴ? አለቃ ነው! ያው አለቃ! አንዲት ይቅርታ ከአፉ አልወጣችም። ስናገረው እንኳ ያንገበግበኛል።

ይቺው ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ ትስቃለች፤ ምን ያስቅሻል?

«እትዬ፣ ከሰዓት በኋላ የሚደፍቀው ማን እንደሆነ አልነገርኩዎትም? ባለቤቱ ራሱን ደምሴን ነው ያዘዘው።»

እሰይ! ጣቱ እስኪጨማደድ ይድፈቅ!