ባሌን ያቀፈችው ነርስ

በኛ ጊዜማ፣ ስሙኝ ልጆቼ፣ ሚስት ባሏን በሰው ፊት መንካቷ ነውር ነበር፤ ስሙንስ መች ትጠራና! ታዲያ የኔው ሰውዬ ጣራ ሲከድን ወደቀና እግሩ ተሰበረ፣ አገሬው በቃሬዛ ተሸክሞ ብቸና ጤና ጣቢያ አደረሰልኝ፣ እግሩንም በጀሶ ጠፈነጉት። እና አንዲት ነርስ ነበረች፣ ከሐረር ተመድባ የመጣች፣ ቀይ፣ ረዥም። ይህች ልጅ ባሌን ከአልጋ ወደ ወንበር ልታነሳው ስትል ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ እጇን በብብቱ ሥር አስገብታ፣ ደረቷ ላይ ልጥፍ! «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ይነሱ!» እሱም ብድግ! እኔ ትራሱን ሳስተካክል እንኳ የሚያቃስተው ሰውዬ!

«ምን አስነክታው ነው?» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወዲያ ካጠገቡ አልነቃነቅም፣ ውሃ ስትሰጠው እንኳ ቀድሜ እቀምሳለሁ።

«ቤቴ ልውሰደው» ብላት፣ «እትዬ፣ ብቻዎን ማንሳት ሳይችሉ አልለቀውም፤ ተኝቶ ከዋለ ጎኑ ይቆስላል» አትለኝም!

ልታስቀረው ነው! እንስራ ሙሉ ውሃ ከወንዝ የማወጣ ሴት እሱ ያቅተኛል? ብዬ ተነሳሁ። ታዲያ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጥተው ተቀምጠዋል፣ እና እኔ እሳቸውን አፍሬ፣ ራቅ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጁ ስጎትተው፣ ወገቤ ቀጭ! እሱም «ወይኔ እግሬን!»

«አሁንስ ሁለት በሽተኛ ላስታምም ነው!» አለች ነርሷ። «ጠጋ ይበሉ እንጂ! ከሰውነት የራቀ ሸክም ወገብ ይሰብራል። እቅፍ ያድርጉት!»

«በቄስ ፊት?»

አባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና «እቀፊው! የቁርባን ባልሽ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንዳለችው ጉልበቴን ሸብረክ፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ ብድግ! እንስራው እንኳ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። እሱም በጆሮዬ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አይለኝ መሰላችሁ!

በማግስቱ ይዤው ገባሁ። ታዲያ ጀሶው ወልቆ፣ እርፍ ጨብጦ ሲያርስ ውሎ፣ ማታ ቁጭ ካለበት «ሴትዮ፣ ነይ አንሺኝ እንጂ!» ማለቱን ተወ? አልተወም! የዳነ ሰው! ይህች ነርስ አንድ ነገር አስነክታዋለች፣ ዛሬም አላመንኳትም።

«ታዲያ ያነሱት ነበር፣ እማማ?»

«ምን ላድርግ፣ አነሳዋለሁ።»

«እንግዲያማ እርስዎንም አስነክታዎታለች!»

«ሂድ ወዲያ! ኪ ኪ ኪ!»